አሥራ አንድ የእርሳስ መስቀል

እስከ ዛሬ ይህን የምናውቀው እኔና አንድ ላጲስ ብቻ ነን። ለእናቴ አልነገርኩም። ለፓስተሬ አልነገርኩም። በጸሎት እንኳ እዚያ ጋ ስደርስ “ሌላውንም አንተ ታውቀዋለህ” ብዬ እዘለዋለሁ። እናንተ የምታነቡት ስሜን አታውቁም፤ የደፈርኩትም ለዚህ ነው።

ነገሩ ከሆነ አምስት ዓመት አልፎታል። ማስተማር የጀመርኩበት ዓመት ነበር፤ ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ውስጥ፣ ክፍል በክፍል በሚከራይ አሮጌ ቤት እኖር ነበር። ከኮሪደሩ ማዶ ፌቨን ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እዚሁ የተወለደች፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። አባቷ ጋሽ ላምቤቦ ቴምቢሳ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ስላላቸው እዚያው እያደሩ እሑድ እሑድ ይመጣሉ።

ፌቨን እባብ ታረባ ነበር። መርዝ የሌላት፣ የበቆሎ እባብ የሚሏት ዓይነት፤ መልኳ ብርቱካናማ ስለሆነ ስሟን ብርቱካን ብላታለች። ላስረዳችሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ኃጢአቴም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በሰኔና በሐምሌ ብርድ፣ ለመራባት እንድትዘጋጅ ማሞቂያውን ቀነሰችላት። አየሩ ሲሞቅ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ወንድ እባብ ተውሳ አገናኘቻቸው። ብርቱካን መብላት አቁማ ሆዷ ወደ ጅራቷ በኩል ሲያብጥ፣ ፌቨን የአይስክሬም ዕቃ አጥባ ክዳኑን በክብ በሳችው፤ የቀዳዳው ጠርዝ ቆዳዋን እንዳይቧጭራትም በሻማ አለሰለሰችው። ውስጡን ጨምቃ ባረጠበችው የኮኮናት ቃጫ ሞላችው። እባቧ አሮጌ ቆዳዋን ባወለቀች በዘጠነኛው ቀን እዚያ ገብታ አሥራ አንድ እንቁላል ጣለች። ፌቨን ደርቀው ሳይጣበቁ ለያየቻቸው፤ የላይኛው ሁልጊዜም ከላይ እንዲሆን በየአናታቸው በእርሳስ ትንሽ መስቀል አደረገች።

እንቁላሎቹ የገቡበት የማሞቂያ ሳጥን የተቀመጠው እኔ ክፍል ነው። መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር፤ በግቢው ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚያቆይ ባትሪ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። “ልጆቼ አንቺ ጋ ይቆዩልኝ፣ ፕሊስ ቲቸር” አለችኝ። እሺ አልኳት። አደራ ተቀበልኩ።

ከወር በኋላ፣ አንድ እሑድ፣ የግቢው ሰው በረንዳ ላይ ተሰብስቦ ሳለ የኮሌጅ ወሬ ተነሣ። ፌቨን የእንስሳት ሕክምና መማር ትፈልጋለች። ጋሽ ላምቤቦ ሳቁባት።

“ሔዋንንም ያማከራት እባብ ነው፤ ውጤቱን አይተናል።”

“አባዬ፣ ሲፈለፈሉ ታያለህ።”

“እሺ፣ አንዲት እንኳ ካስፈለፈልሽ የኮሌጁን ፎርም እፈርማለሁ። ካልሆነ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስሽ ሱቅ ትገቢያለሽ። ሻርፕ?”

“ሻርፕ!” ብላ ተስማምታ እጇን መታችላቸው።

እዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት? እኔ ግን ሰው በተሰበሰበበት ዝም ማለት አልችልም። “እንቁላል በየቀኑ መገልበጥ አለበት” አልኩ፣ ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ። “ዶሮም በመንቁሯ ትገለብጠዋለች፤ አለዚያ ጫጩቱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል።”

“ኢሽ ቲቸር፣ ኖ” አለች ፌቨን። “የእባብ እንደ ዶሮ አይደለም። ከተገለበጠ ይሞታል። መስቀሉን ለምን ያደረግኩት መሰለሽ?”

ጋሽ ላምቤቦ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። “ቲቸር ወደቀች! ኦምሌት ልትሠራቸው ነበር እኮ!”

ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው ሰው “ሳውቦና፣ ቲቸር ኦምሌት” እያለ ሰላም ይለኝ ጀመር። ፌቨን አንድም ቀን አላለችኝም። አንድም ቀን። ይህን አስምሩበት።

ያን እሑድ ፈልጌ አነበብኩ። ትክክል ነበረች፤ ጽንሱ ከላይኛው ግድግዳ ጋር ተያይዞ ነው የሚያድገው፣ ሲገለበጥ ይታፈናል። ስለዚህ ባለማወቅ ነው አልልም። ለሙከራ ነው አልልም። አውቄ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፌቨን ማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ሳለች ክዳኑን ከፈትኩ። እጄን ታጥቤ ነበር። ለመግደል እጁን የሚታጠብ ምን ዓይነት ሰው ነው? ከግራ ወደ ቀኝ፣ ተራ በተራ ገለበጥኳቸው። ቅርፊታቸው ለስላሳ ቆዳ ነው፣ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ ስለዚህ ላጲሱን በቀስታ ነበር የማሸው። የእሷን መስቀል አጠፋሁ፤ በአዲሱ አናት ላይ የእኔን አደረግኩ። የፌቨን መስቀል ወደ ግራ ዘንበል ይላል። የእኔንም አዘነበልኩት። ረቡዕም ገለበጥኩ። ሐሙስም ገለበጥኩ። ዓርብም። አንድ ጊዜ ቢሆን በንዴት ነው ይባል ነበር፤ አራት ጊዜ ምን ይባላል? ደስ ይለኝ ነበር። ከሁሉም ለመጻፍ የከበደኝ ይህ ነው፤ እየገለበጥኩ ደስ ይለኝ ነበር።

እሷ ከትምህርት ስትመለስ ክዳኑን ከፍታ ታያቸዋለች፤ በሹክሹክታ ታናግራቸዋለች። እኔ አጠገቧ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። በሳምንቱ አንዱ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ሌሎቹ ሟሸሹ፣ ሻጋታ አበቀሉ። የመፈልፈያ ቀናቸው ካለፈ በኋላ የቀሩትን በትንሽ መቀስ ከፈተቻቸው። ከአንዱ የተጠቀለለች እባብ ወጣች፤ ቀለም ገና አልደረሳትም፣ ዐይኖቿ ግን ሁለት ጥቁር ነጥብ ሆነው ነበር። ፌቨን መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

“ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ?”

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አስረዳኋት። “ክዳኑን መክፈት አበዛሽ። በከፈትሽው ቁጥር ሙቀቱና እርጥበቱ ይወጣል።”

“ላያቸው ስለፈለግኩ ነው የሞቱት?”

“አዎ።”

“እኔ ነኝ እንግዲህ የገደልኳቸው።”

ዝም ብል እንኳ በቂ ነበር። “ከስሕተት ነው የምንማረው” አልኳት። ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው፤ ቀኑንም ጻፈች። ከዚያ አመሰገነችኝ።

ጋሽ ላምቤቦ ቃላቸውን ጠበቁ። አልሳቁባትም፤ እንባዋን በመሐረባቸው ጠርገው “አይዞሽ፣ ፌቪ” አሏት። ፌቨን ብርቱካንን ለወንዱ እባብ ባለቤት ሰጠቻት። እሷም ሱቅ ገባች።

ባለፈው ዓመት ቴምቢሳ ሄጄ አየኋት። ልነግራት ነበር የሄድኩት። ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆማ ደንበኞቿን በዙሉ ቋንቋ እየቀለደች ታስተናግዳለች። “ቲቸር!” ብላ በሩን ከፍታ አስገባችኝ፣ ቀዝቃዛ መጠጥ ሰጠችኝ። የመጠጥ ማቀዝቀዣው ክዳን ላይ በእጇ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፦ “ያለ ጉዳይ አትክፈቱ።” ሳነበው አይታኝ ሳቀች። “ካንቺ ነው የተማርኩት” አለችኝ። መጠጡን ጨርሼ ተመለስኩ።

ይህን በአማርኛ ጻፍኩት። ፌቨን አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። ፊደል ላስተምራት ጀምሬ ነበር፤ ከእንቁላሎቹ በኋላ ሥራ በዛብኝ ብዬ ተውኳት። እንግዲህ ይህንንም አስቤበት ነው ያደረግኩት፣ እንደ መስቀሎቹ። እናንተን ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ከቤቴ እስከ ሱቋ ሁለት ታክሲ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አልተሳፈርኩም።