የእማማ ጭልፋ ረሃብ

እማማ ጭልፋ የክር ፋብሪካውን ሠራተኛ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትመግብ ሾርባዋን አንድም ቀን ቀምሳ አታውቅም። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። ግን እውነት ነው፤ የምትቀምሰው በሆዷ ነበር።

ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ቁርስ የሚባል ነገር አትነካም። አራት ሰዓት ላይ የትልቁን ድስት ክዳን ከፍታ እንፋሎቱን ፊቷ ላይ ትቀበላለች። ሆዷ ይጮሃል። አንድ እፍኝ ጨው ትበትንና ታዳምጣለች። አሁንም ከጮኸ ሌላ እፍኝ። ጸጥ ሲል ክዳኑን ትገጥማለች፤ በቃ፣ ጨው ልክ ሆኗል ማለት ነው። የሦስት መቶ ሰው ምሳ በአንዲት ቀጭን ሴት ሆድ ይመራ ነበር፤ ተሳስቶም አያውቅም።

ያ ሆድ ታመመ። ሐኪሞቹ የጨጓራዋን የላይኛውን ክፍል ቆርጠው አወጡት። በሦስተኛው ወር፣ ቀሚሷ እየሰፋባት፣ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

በመጀመሪያው ቀን ክዳኑን ከፈተች፤ ሆዷ ጸጥ ብሏል። አንድ እፍኝ በትና አዳመጠች። አሁንም ጸጥ። ዝምታው እሺታ መሰላትና ክዳኑን ገጠመች።

ከዚያ ወዲህ የምግብ አዳራሹ አንድ ነገር ሆነ። ከኩሽናው ብቅ ስትል ጨዋታው ይቆማል። እጆች ሁሉ ከጠረጴዛ ሥር ይገባሉ። ጎንበስ ብለው በጸጥታ ይበላሉ፣ ሳህኑን አሟጠው ይመልሳሉ፣ "እጅሽ ይባረክ" ብለው ይወጣሉ። እሷ በሩ ላይ እንደቆመች ትቀራለች። አንድ ቀን ለባሏ፣ "እንደ ሙት ነው የሚያዩኝ" አለችው።

በአራተኛው ሳምንት አዳራሹን ስትጠርግ ከአግዳሚው ሥር የተጠቀለለች ትንሽ ወረቀት አገኘች። ፈታቻት። ጨው ነው። ወዲያ ማዶ ሌላ ወረቀት፣ ከዚያም ሌላ። የማሽን ጠጋኙን ቀዮን ጠራችው።

"ይሄ ምንድነው?"

"መድኃኒት ነው፣ እማማ።"

"የምን በሽታ?"

ቀዮ አንገቱን አከከ። "የሾርባ።"

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጣሽ ጀምሮ።"

"አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?"

"ከሞት አፍ ወጥተሽ መጥተሽ፣ ጨው ጎደለ ይባላል እንዴ?"

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሲያስረዳ እጁ አያርፍም። የረሃብ ሆርሞን የሚመነጨው በአብዛኛው ከዚያ ከወጣው ክፍል ነው አላት። በደም ተሳፍሮ፣ በነርቭም ተልኮ አንጎል ይደርሳል፤ እዚያ ዶፓሚን የሚባለውን፣ ሰውን "ፈልግ፣ ተነሣ" የሚለውን ንጥረ ነገር ይቀሰቅሳል። አሁን ቀስቃሹ ሳስቷል። በዚያ ላይ ምግቡ ቶሎ አንጀት ስለሚገባ፣ የአንጀቱ ሆርሞን ገና በሁለተኛው ማንኪያ "በቃ" ይላል።

"ታዲያ በምላሴ ልቅመስ?"

"ቅመሺ እንጂ።"

"ቀመስኩት እኮ፣ ልጄ። ምላሴ ጨው መሆኑን ይነግረኛል። ቢበዛም ቢያንስም ግን ግድ የለኝም። መፈለግ ነው የጠፋብኝ።"

ሐኪሙ እጁን አሳረፈ። አንዳንዱ ሰው ላይ በጊዜ ብዛት ይሻሻላል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ አይመለስም አላት።

ለባሏ ቁርጡን ነገረችው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ረሃቧ ካልተመለሰላት ጭልፋውን ታስረክባለች። ሰውየው ጡረታ የወጣ የበር ጠባቂ ነው፤ ሦስት እንቁላልና አንድ ሙሉ ዳቦ ሳይበላ ጫማውን አያስርም። በዕረፍት ቀኗ አራት ሰዓት ላይ ማድቤት ቢገባ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ "መጣህ?" ስትል ሰማት።

"አዎ፣ መጣሁ።"

"አንተን አይደለም።" ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። "ረሃቤን ነው። ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። እዚያ ይቆማል፣ ጥላው ይታወቀኛል። አይገባም ግን። ሞቷል፤ ቤቱን አልለቅ ብሎ ነው።"

ሰውየው በሩን አየ። "ዕድሜዬን በር ስጠብቅ እንዲህ ያለ እንግዳ ገጥሞኝ አያውቅም" አለ፤ አልሳቀችም። ቆም ብሎ አሰበና ወንበር ስቦ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

በማግስቱ እንቁላሉን አልነካም። ካፖርቱን ለብሶ ፋብሪካ ድረስ ተከተላት። አራት ሰዓት ላይ ክዳኑ ሲከፈት እንፋሎቱ ፊቱን መታው፤ ሆዱ እንደ አሮጌ መኪና ተነሣ።

"አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤት ይሰማል" አለችው። አንድ እፍኝ በተነች፤ በጭልፋ ቀድታ ሰጠችው።

"ይቀራል።"

ሁለተኛ እፍኝ፣ ከዚያ ሦስተኛ። በአራተኛው አፉ ተከፈተ፣ ቅንድቡ ተነሣ፣ እጁ ሳያዘው ወደ ጭልፋው ተመለሰ። እሷም አልጠየቀችውም። ያንን መፈለግ ታውቀዋለች። የራሷ ነበር፤ አሁን እሱ ፊት ላይ ቆሞ ያያታል፣ የሞተ ወንድም በልጁ ፊት እንደሚያይ። ጭልፋውን ከእጁ እስክትቀበለው ድረስ አየችው። ከዚያ ክዳኑን ገጠመች።

ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ እጆች ሁሉ ከጠረጴዛ በላይ ነበሩ። ጭልፋው እስከ ዛሬ እሷ ጋ ነው። ሰውየው ቁርሱን የሚበላው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው፤ እሷ ደግሞ ከድስቱ ማዶ ቆማ በየቀኑ ፊቱን ታያለች።