የወንድሜ ገመድ ያዥ

ታናሽ ወንድሜ ዛፍ ቆራጭ ነው። "እሱ ደግሞ ምን ሥራ ነው?" የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ቆሽቴ ያርራል። ዛፍህ ጣሪያህ ላይ ሲያዘነብል ማን ጋ ነው የምትደውለው? እንግዲህ እሱ ሥራ ነው።

አሠሪ የለውም። አንድ አሮጌ ፒክአፕ፣ አንድ ሞተር መጋዝና ገመዶቹን ይዞ ሃያ ዓመት ኖሯል። ዛፉ ላይ ታስሮ ይወጣና የሚቆርጠውን ቅርንጫፍ በሌላ ገመድ ያስረዋል። ታች የቆመው ገመድ ያዥ ገመዱን ግንዱ ላይ አዙሮ ቀስ እያለ ሲለቅለት ቅርንጫፉ የማንንም ቆርቆሮ ሳይነካ መሬት ይደርሳል።

ለቆርቆሮው ኢንሹራንስ ገብቷል። ለአጥሩም፣ ለግንቡም፣ ለመንገደኛውም ገብቷል። ለገመድ ያዡ ግን አልገባም። "የቀን ረዳት እኮ ነው፣ ሠርቶ ይሄዳል" ይላሉ በሙያው ያሉት ሁሉ። እሱም እንደነሱ አለ። እኔም ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

ገመድ ያዡን ጋሽ ችካል እንላቸዋለን። አንዴ ከቆሙ ንቅንቅ ስለማይሉ የወጣላቸው ስም ነው። ወንድሜን በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጡታል። ሥራ ሲገኝ ይደውልላቸዋል፣ እሳቸውም ከች ይላሉ። ስድስት ዓመት እንዲሁ ሠርተዋል።

ወንድሜ አንድ ልማድ አለው። አዲስ ረዳት ሲመጣ ዛፍ ላይ ከመውጣቱ በፊት "ገመዱን እጄ ላይ አልጠቀልልም" አስብሎ ያስደግመዋል፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ቅርንጫፉ ከከበደ የተጠቀለለ እጅ አብሮ ይሄዳላ! ለጋሽ ችካል ግን ይህን ብሏቸው አያውቅም። "ትልቅ ሰው እንደ ተማሪ ላስደግም? አይከብድም?" አለኝ አንድ ቀን። እኔም ወጉ ነው አልኩት።

አንድ ጠዋት ካፊያ ነበር። ገመዱ ርሶ ሲያዳልጣቸው ጋሽ ችካል እጃቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠቀለሉት። ቅርንጫፉ ሲወርድ ቀኝ እጃቸውን ጎትቶ ከግንዱ ጋር አላተመው። ወንድሜ ከዛፉ እንዴት እንደወረደ ዛሬም አያስታውስም። ሐኪሙ እጁ ይድናል፣ ነገር ግን ከእንግዲህ አይጨብጥም አለ።

መጀመሪያ የመጣው የኢንሹራንሱ ሰውዬ ነው። ውሉ ረዳትን እንደማይሸፍን ነገረንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምክር ጨመረ። "የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዋ ስትጠይቅህ ጠዋት አስጠንቅቄዋለሁ በል። ጥፋቱ የሱ ይሆናል። አላስጠነቀቅኩም ካልክ ግን ሕክምናውም ኑሮውም ባንተ ጫንቃ ነው።"

ሰውዬው እንደወጣ ወንድሜን ያዝኩት። አልዋሽም፣ ዋሽ ያልኩት እኔው ነኝ። "አንዲት ቃል ናት! መኪናህ ሊሸጥ ነው፣ መጋዝህ ሊሸጥ ነው። ማን ሰማህ? ማንስ ያውቃል?"

"እኔ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ብለው ብሠራው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ጋሽ ችካል ደግሞ ባሱ። ሆስፒታል ስንጠይቃቸው በጤነኛ እጃቸው የወንድሜን ኮሌታ ይዘው ወደ አልጋው ሳቡት። "ነግሬያቸዋለሁ በል። እኔም አዎ እላለሁ። አንተ ሥራ ብትፈታ እኔ ምን እጠቀማለሁ?"

በቀጠሮው ቀን ከሱና ከጋሽ ችካል ጋር ሄድኩ። የተቆጣጣሪዋ ቢሮ ጠባብ ነው፤ ፋይሉ መስኮቱን እስከ ግማሹ ጋርዶታል። ወንበሩ ሁለት ስለነበር እነሱ ተቀመጡ፣ እኔ በሩ ስር ቆምኩ። አሁንም ልቡን ይመልስለት እያልኩ በሆዴ እጸልያለሁ።

"የርስዎ ሠራተኛ ናቸው?" አለችው።

"አዎ።"

"ውል አላችሁ?"

"የለንም። ግን የምደውልላቸው እኔ፣ ገመዱ የኔ፣ ቁሙ ያልኳቸው ቦታ የሚቆሙት ለኔ። ታዲያ የማን ሠራተኛ ይሁኑ?"

ጻፈች። "የዚያን ዕለት ስለ ገመዱ አስጠንቅቀዋቸው ነበር?"

ወንድሜ አፉን ሳይከፍት ጋሽ ችካል ቀደሙት። "አስጠንቅቆኛል!"

"ውሸታቸውን ነው" አለ ወንድሜ።

ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ተጎጂው ራሳቸው እየመሰከሩልዎት እኮ ነው። ልጻፈው?"

"እንዳይጽፉት! የዚያን ዕለትም፣ ስድስት ዓመት ሙሉም አልነገርኳቸውም። አፍሬ ነው፣ ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ። ፎርሙ ላይ ለሐፍረት የሚሆን ቦታ ካለ እዚያ ይጻፉልኝ። ከሌለ ጥፋተኛ ነው ይበሉ።"

"መኪናዎ ሊሸጥ እንደሚችል ያውቃሉ?"

"ይሸጣ! መኪና ነው። የሰው እጅ አጥፍቼ ጥፋቱንም ለሰውየው አላሸክምም። ይህን የሚመክረኝ ሰው ካለ እዚህ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ።"

ዘወር ብሎ አላየኝም። ማየትም አላስፈለገውም።

ቃሉ ተጽፎ አለቀና ሁለቱም እንዲፈርሙ ተጠየቁ። ወንድሜ "አሠሪ" የሚለው ቦታ ላይ ፈረመ። ጋሽ ችካል ወረቀቱን በግራ እጃቸው ገፉት።

"አልፈርምም። ይሄን ልጅ ከስሼ አልኖርም።"

"ማን ከሰሰኝ አልዎት?" አለ ወንድሜ እስክሪብቶውን እያቀበላቸው። "የከሰስኩት እኔው ነኝ። በሉ ይፈርሙ ጋሼ፣ አያስቆጡኝ።"

ጋሽ ችካል በግራ እጃቸው፣ ከመስመሩ እየወጡ፣ ረጅም ጊዜ ወስደው ፈረሙ።

"አንድ ምስክር ያስፈልጋል" አለች ተቆጣጣሪዋ ወደ ኮሪደሩ እያየች። "ውጭ የሚያውቃችሁ ሰው አለ?"

"እኔ አለሁ" አልኩና ከበሩ ሥር መጥቼ ፈረምኩ።