ጋሼ መኮንን በባሕር ላይ ፍሬን ሲፈልጉ

ፌርፋክስ፣ ቅዳሜ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል

እነጋሼ መኮንን ደጃፍ ስደርስ እትዬ ብርቅነሽ ብርቱካናማ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሰው፣ ማሰሪያውን ሁሉ ጥርቅም አድርገው፣ ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ከዚያ እስከ ባሕሩ ገና የአርባ ደቂቃ መንገድ አለ።

“እትዬ፣ ይሄ እኮ ጀልባው ላይ ሲወጡ ነው የሚለበሰው” አልኳቸው።

“መኪናውንም የሚነዳው እሱ ነው” አሉኝ።

የምንሄደው ወደ ሬዶንዶ ቢች ነው። ጋሼ መኮንን የአክስቴ የእትዬ ብርቅነሽ ባል ናቸው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተው ዓምና ጡረታ ወጡ። ለዓመታት ኤርፖርት ያመላለሷቸው አንድ አዛውንት ደንበኛቸው ኑሯቸውን ወደ አሪዞና በረሃ ሲያዛውሩ፣ ለበረሃ የማትሆን አሮጌ የሞተር ጀልባ ነበረቻቸውና ለጋሼ መርቀው ሰጧቸው። ጋሼም አሳጥበዋት በጎኗ ላይ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል “ብርቅነሽ” ብለው አስጻፉባት። ሚስቴ ደስ ይላታል ብለው ነው። እትዬ ግን ጀልባዋ ከሥሯ ውሃ እንደምታስገባ ከሰሙ ጀምሮ ስማቸው እንዲፋቅ እየጠየቁ ነው።

ጋሼ በሕይወታቸው ጀልባ ነድተው አያውቁም። የጀልባ ማቆሚያው ሰዎች ደግሞ የአንድ ቀን ትምህርት ወስዶ፣ ባሕር ላይ ተፈትኖ ያላለፈ ሰው ብቻውን አይወጣም ብለዋቸዋል። የትምህርቱ ግማሽ ስለ ጀልባ ሲሆን ግማሹ ዓሣ ነባሪን በጀልባ እንዳይገጩ ስለ መጠንቀቅ ነው። እኔ ፅጌ፣ ፓሳዴና ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። የተጠራሁት ለሁለት ሥራ ነው። ጋሼ እንዳስተረጉምላቸው ፈልገዋል፤ እትዬ ደግሞ ከመስጠም የተረፈውን ሰው እንዳክም።

ጋሼ በዚያ ላይ፣ እሁድ እሁድ እዚያው ፌርፋክስ ምግብ ቤት አብረዋቸው ምሳ ለሚበሉት ሦስት ጓደኞቻቸው “ነገ በጀልባዬ አወጣችኋለሁ” ብለው ቃል ገብተዋል። ስለዚህ ዛሬ መውደቅ የለም።

የላ ሲዬኔጋን ጎዳና ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። ኮረብታው ላይ የነዳጅ መሳቢያ ማሽኖቹ ጎንበስ ቀና ይላሉ። ኤርፖርቱ አጠገብ ኢንግልዉድ ስንደርስ አንድ አውሮፕላን አናታችንን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ዝቅ ብሎ አለፈ። ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው “ይሄ ዘግይቷል” አሉ፤ ጡረታ መውጣታቸውን ገና ሰውነታቸው አልሰማም። እትዬ ከኋላ ወንበር፣ ጃኬታቸው እስከ አገጫቸው ወጥቶ፣ እንቁላል በቃሪያ በቶርቲያ ቂጣ ጠቅልለው አቀበሉን። ቶራንስ ላይ የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫዎች አጠገብ የጋሼ ፍጥነት ሰማንያ ማይል ነበር። እትዬ ጉርሻቸውን ሳይውጡ አንድ መዝሙር ጀመሩ።

ሬዶንዶ ቢች፣ ሁለት ሰዓት

ክፍሉ የቡናና የዓሣ ሽታ ተቀላቅሎበታል። አስራ ሁለት ያህል ሰው ተቀምጧል። መምህራችን ዶና ትባላለች። ዕድሜዋ ከሰባ አያንስም፤ ፀሐይ ፊቷን እንደ ቋንጣ አድርቆታል፤ አንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላለች። “ሚስ ምናምን አትበሉኝ፣ ዶና ይበቃኛል” ስላለች እኔም እዚህ አንቱታውን ትቼላታለሁ። ጋሼ ግን እስከ መጨረሻው “ማዳም” ነው ያሏት።

ግድግዳው ላይ የአንዲት ዓሣ ነባሪ ጀርባ የሚያሳይ ፎቶ መጣ። ግራጫ ቆዳዋ ላይ ጠባሳዎች በእኩል ርቀት ተደርድረዋል፤ በቢላዋ እየተለካ የተቆረጠ ዳቦ ይመስላል።

“የሞተር ፕሮፔለር ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው ምላጭ” አለች ዶና። “ይቺ ተርፋለች። ያልተረፉትን ብዙ ጊዜ አናያቸውም። ገጪውም ግንድ የመታ ይመስለውና መንገዱን ይቀጥላል።”

ጋሼ እጃቸውን አወጡ። “ክላክስ ባሰማትስ?”

ተረጎምኩ። ዶና ራሷን ነቀነቀች። “ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ላታውቅ ትችላለች። እንቅልፍ ላይ ትሆናለች፣ ወይም ልጇን እያጠባች ይሆናል። ማየት ያለብህ አንተ ነህ።”

“ቅድሚያ የማን ነው?”

“የእሷ።”

“በቀኝ በኩል ብመጣስ?”

“የእሷ።”

“እሷ ከኋላ መጥታ ብትገጨኝስ?”

ዶና ትንሽ አሰበች። “ያን ጊዜም ጥፋቱ ያንተ ነው።”

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ “ይቺ ሴትዮ ኢንሹራንስ ቤት ሠርታለች” አሉ።

ቀጥላ የነገረችን ብዙ አይደለም፤ ግን ደጋግማ ነው የነገረችን። ከሩቅ ውሃ ላይ እንደ እንፋሎት ብን የሚል ነገር ካያችሁ፣ ወይም በማዕበሉ መሀል ዘይት የፈሰሰበት የመሰለ ልሙጥ ቦታ ካያችሁ፣ ፍጥነት ቀንሱ። ከመቶ ያርድ፣ ማለትም ከዘጠና ሜትር ገደማ፣ በላይ አትቅረቡ። ከፊቷ አትቁረጡ፣ ከኋላዋ አትከተሉ። ሳታስቡት አጠገባችሁ ብቅ ካለች ማርሹን ዜሮ አድርጉና እስክትሄድ ጠብቁ። አንዷን ካያችሁ ሌላም አለ በሉ፤ በዚህ በሚያዝያ እናቶች ግልገሎቻቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ያልፋሉ፤ ግልገሉ ደግሞ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ ይወጣል።

የጽሑፍ ፈተናው ላይ “ከፊት ለፊትህ ዓሣ ነባሪ ብትወጣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?” የሚል ጥያቄ ከአራት ምርጫ ጋር ነበር። ጋሼ አንዱንም ሳያከብቡ ከሥሩ በእንግሊዝኛ “ይቅርታ እላታለሁ” ብለው ጻፉ። ዶና አንብባ ሳቀችና ግማሽ ነጥብ ሰጠቻቸው። በዚያች ግማሽ ነጥብ አለፉ።

ባሕር ላይ፣ ሰባት ሰዓት

ለተግባር ፈተናው ጋሼ፣ ዶና፣ እትዬና እኔ “ብርቅነሽ” ላይ ወጣን። ጋሼ ከመቆሚያው ሲወጡ ግራ እጃቸውን በጎን አውጥተው ወደ ግራ እንደሚታጠፉ ምልክት ሰጡ። ምልክቱን ያየው አንድ የባሕር አንበሳ ብቻ ነው።

ከወደቡ እንደወጣን ማዕበሉ ከፍ ዝቅ ያደርገን ጀመር። ሰው ላክም የመጣሁት ነርስ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጄ አንቄ ጠዋት የበላሁትን ለዓሣ መለስኩ። እትዬ ብርቅነሽ ደግሞ ከጃኬታቸው ውስጥ ዳቦ ቆሎ እያወጡ እየቆረጠሙ፣ በሌላ እጃቸው ጀርባዬን ያሻሉ።

“ጋሼ፣ ትንሽ ቀስ ይበሉ” አልኩ በደከመ ድምፅ።

“ምን ቀስ እላለሁ! ትራፊክ የለ፣ መብራት የለ! እንዲህ ያለ መንገድ በሠላሳ ዓመት ሹፌርነቴ አላየሁም!”

በዚህ መሀል እትዬ መቆርጠም አቆሙ። “መኮንን፣ የሆነ ነገር ይጨሳል።”

“ብርቅነሽ ናት፣ ሲሞቃት ታጨሳለች” አሉ ጋሼ ወደ ሞተሩ እየጠቆሙ።

“እኔ አላጨስም! እዚያ ነው፣ ውሃው ላይ!”

ዶናም አየች። ከፊታችን ብዙም ሳይርቅ ነጭ እንፋሎት ብን ብሎ ጠፋ። “ቀንስ! ዜሮ አድርግ!” ብላ ጮኸች።

ከዚያ የሆነውን መቼም አልረሳውም። ጋሼ ቀኝ እግራቸውን አንስተው ባለ በሌለ ኃይላቸው የጀልባዋን ወለል ረገጡ። ምንም የለም። ደግመው ረገጡ። የሠላሳ ዓመት እግር ፍሬን እየፈለገ ነው፤ ጀልባ ደግሞ ፍሬን የላትም። “ፍሬኑ አልያዘም! ፍሬኑ አልያዘም!” እያሉ መርገጣቸውን ቀጠሉ፤ እኛ ወደ ፊት እየሄድን ነው።

“በእጅህ!” አሉ እትዬ። “በእጅህ፣ አንተ ሰውዬ!”

ጋሼ እጀታውን ሳቡት። ሞተሩ አጉረምርሞ ዝግ አለ፤ ጀልባዋ በራሷ ግፊት ትንሽ ተንሸራትታ ቆመች። በቆምንበት ጎን፣ አንድ አውቶቡስ የሚያህል ጥላ ከውሃው ሥር ቀስ ብሎ ወጣ። ጀርባዋ ላይ ነጫጭ ቅርፊት ተለጥፏል። ፉፉ ብላ ተነፈሰች፤ ትንፋሿም እንደ ዝናብ ወረደብን። ሽታውን ለመግለጽ፣ በሐምሌ ፀሐይ መኪና ውስጥ የተረሳ ዓሣ ልበል። እኔ እንደገና ወደ ጠርዙ ዞርኩ።

ቀና ስል እትዬ ክንዴን ያዙኝ። “ልጅ አላት” አሉ በሹክሹክታ። አጠገቧ ጥቁር የሆነች ትንሽ ጀርባ ብቅ ብላ፣ ኩፍ ብላ ተንፍሳ ገባች። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። 

በዚህ መሀል ሌላ ሞተር ተሰማ። ከወደቡ በኩል አንድ ትልቅ ነጭ ጀልባ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ ሙዚቃውን ለቆ፣ ግልገሉ ወደ ገባበት ቦታ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ዶና በሬዲዮ ጠራችው። መልስ የለም። ደግማ ጠራች፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

“ክላክስ!” አለች። “አምስት ጊዜ፣ አጭር አጭር! በጀልባ ቋንቋ አደጋ አለ ማለት ነው!”

“ተፈቀደልኝ?” አሉ ጋሼ።

“አሁን!”

ጋሼ የታክሲ ሹፌርነታቸውን ሁሉ በዚያች ቁልፍ ላይ አወረዱት። አምስት ተብለው አስር ነፉ። መሪውን ለቀውም ተነሡና ሁለት እጃቸውን ወደ ታች እያወረዱ “ቀስ! ቀስ! ልጅ አለ!” አሉ በአማርኛ። እትዬም ከጎናቸው ቆመው አብረው ጮኹ። ሰውየው ቃሉ አይገባውም፤ ግን ብርቱካናማ ጃኬት የለበሱ እናት ሲጮኹበት ማን አይቆምም? የጀልባው አፍንጫ ወደ ውሃው ወረደ፤ ሞተሩ ረገበ። ቆመ። በእኛና በእሱ መካከል፣ እሱ ሊያልፍበት በነበረው መስመር ላይ ግልገሉ ወጥቶ ተነፈሰ።

ሰውየው ሙዚቃውን አጠፋ። “ነዳጅ ያለቀባችሁ መስሎኝ…” ብሎ ሳይጨርስ ተወው።

ጋሼ አስተርጓሚ አልጠበቁም። “ስማ ወንድሜ፣” አሉት በታክሲ እንግሊዝኛቸው፣ “እንፋሎት ካየህ ቀንስ። ልሙጥ ውሃ ካየህ ቀንስ። መቶ ያርድ! ቅድሚያ የእሷ ነው። ከኋላ መጥታ ብትገጭህም ጥፋቱ ያንተ ነው!” ሰውየው “ይቅርታ፣ አላወቅሁም ነበር” አለ። ዶና ወደ እኔ ዘንበል ብላ “ጠዋት የሰማ አልመሰለኝም ነበር” አለችኝ።

እናትና ልጅ ወደ ሰሜን እስኪርቁ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆመን ጠበቅን።

መመለስ

ወደ መቆሚያው ስንገባ ጋሼ ክንዳቸውን የእትዬ ወንበር ጀርባ ላይ አጋድመው፣ ወደ ኋላ እያዩ፣ በሁለት መኪና መሀል እንደሚገባ ሰው ጀልባዋን ወደ ኋላ ነዱ። የእንጨቱ መቆሚያ ጓ ብሎ ተሰነጠቀ።

ዶና ስንጥቁን ጎንበስ ብላ አየችው። “ዓሣ ነባሪዋን አትርፈሃል፤ መቆሚያዬን ግን ገድለኸዋል” አለች። የማለፊያ ወረቀቱን አልፈረመችላቸውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይመጣሉ። እትዬ ይህን እንደሰሙ “እኔንም መዝግቢኝ” ብለው ሙሉ ስማቸውን በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ።

405 አውራ ጎዳና ላይ ጋሼ በቀኝ መስመር፣ ከከባድ መኪና ኋላ፣ ያለ ወትሯቸው በዝግታ ነዱ። የተናደዱ መስሎኝ ነበር። ቶራንስን ስናልፍ “ፅጌ፣ ግንድ የመታሁ መስሎኝ አልፌ እሄድ ነበር እኮ” አሉኝ።  እኔም ቀኑን ሙሉ በእሳቸው ጥያቄ ስስቅ ነበር እንጂ፣ ባሕሩ ላይ ጭሱን ብቻዬን ባየው ምን እንደማደርግ አንዴም አላሰብኩም። ከጉዞው የተማርኩት ይሄ ነው፦ ሰው አይቶ ማለፍ የሚችለውን ያህል፣ ከልብ ከነገሩት፣ መቆምም ይችላል፤ በሰባ ዓመቱም ቢሆን።

ፌርፋክስ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስንደርስ ሦስቱ ጓደኞቻቸው ምግብ ቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይጠብቃሉ። “ነገ ስንት ሰዓት ነው?” አሉ ገና ከመኪና ሳንወርድ።

“ወደቅሁ” አሉ ጋሼ። “ነገ የለም።”

ሳቃቸው እስኪያልቅ ጋሼ ታግሠው፣ ያየነውን ሁሉ ከነባለ ነጩ ጀልባ ሰውዬ ነገሯቸው። ከዚያ የዓሣ ነባሪዋን ርዝመት ሊያሳዩ አንዱን የምግብ ቤቱ በር ላይ አቆሙት፤ “አንተ ጭንቅላት ነህ።” እርምጃቸውን እየቆጠሩ ሦስት የቆሙ መኪኖችን አልፈው ሁለተኛውን አቆሙ፤ “አንተ ጭራ ነህ።” ሦስተኛው፣ በቁመት የሚያንሱት ጋሼ ተሰማ፣ ግልገል ሆነው መሀል ቆሙ። መንገደኛው እየዞረ ያያል።

“ይሄን ታህላለች?” አሉ ጋሼ ተሰማ፣ ከጭንቅላት እስከ ጭራ በዓይናቸው እየለኩ። ሳቃቸው ጠፍቷል። “እና ያ ሰውዬ ባይቆም ኖሮ?”

 ጋሼ መኮንን ኮታቸውን ይዘው ሳብ አደረጓቸውና ወደ እናትየው ጭንቅላት አስጠጓቸው።