አማርኛ የማትሰማው ላም

አገርነሽ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የስፌት መኪና ጥገና ባለሙያ ናት። ቀን መርፌና ቀበቶ ስትቀይር ትውላለች፤ ማታ ፋሲሎ ሰፈር ወዳለ ኮሌጅ ሄዳ ሥነ ልሳን ትማራለች።

«ቋንቋ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ትላታለች አብራት የምትሠራው ርሆቦት። «አፍሽ እንደሆነ አልተበላሸ፤ ምኑን ልትጠግኚው?»

አገርነሽ ስቃ ታልፋለች። ምክንያቱን ለማንም አልነገረችም። እናቷ የዳንግላ ሰው፣ አፏን በአዊኛ የፈታች ነበረች። አገርነሽን ትምህርት ቤት እስክትገባ በዚያው ነበር የምታናግራት። ኋላ ጎረቤት «ልጅሽ ትደናገርብሻለች» አለቻት፤ እናቷም ፈርታ ወደ አማርኛ ዞረች፤ በዚያው ቀረ። አሁን እናቷ ካረፈች ቆየች። በአገርነሽ ጆሮ የቀረው ቃል ሳይሆን ዜማ ነው፤ እናቷ ስትቆጣ ይረዝምና መጨረሻው ላይ ጉሮሮ ውስጥ ይሰበራል። ያን ዜማ አንድ ጊዜ፣ ለራሷ ተብሎ ሲነገር መስማት ትፈልጋለች። የሬዲዮውን አዊኛ ሞክራው ነበር። ዜና አንባቢው ግን የሚያወራው ለእሷ አይደለም።

መምህር አንዳርጋቸው፣ በዕድሜ ከእሷ የሚያንስ ልጅ ነው፣ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ከአማርኛ ሌላ የሆነ ቋንቋ ተናጋሪ ፈልጎ ድምፅ ቀድቶ እንዲመጣ አዘዘ። አገርነሽ የእናቷን ታናሽ እትዬ እታለማሁን አሰበች። ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ ተድረው እዚያው ቀርተዋል። መንገዱ አላስተማመናትምና በጀልባ ተሻገረች።

አክስቷ የዓሣ ወጥ ሠርተው፣ ለብ ያለ ውሃ ለእግሯ አቅርበው፣ የራሳቸውን አልጋ ለቀው ተቀበሏት። ሰሃን ላነሣ ስትል ከእጇ ነጠቁ። ሲረጋጉ ስልኳን ከፍታ መሀል ላይ አኖረችው።

«እትዬ፣ ውሃ በአዊኛ ምን ይባላል?»

«ጠማሽ እንዴ?» ብለው ተነሡ።

አስቀምጣ አስረዳቻቸው። ቃላቱን አልነፈጓትም፤ ውሃ፣ እሳት፣ ራስ፣ እጅ፤ ግን ለሐኪም ጥርሱን እንደሚያሳይ ሰው አንድ አንዱን ነበር የሚያወጡት። ዜማው የለበትም።

«እንዲሁ ያውሩኝ፤ ያሻዎትን።»

«ላንቺ? ምነው ልጄ፣ እንግዳን በማይሰማው ቋንቋ ያናግሩታል? ነውር አይደለም?»

«ታዲያ ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ በአዊኛ ማንን ያናግራሉ?»

«ላሟን።»

«ላሟን?»

«ከዳንግላ ገበያ ነው የመጣች። አማርኛ አትሰማም። ለመንኋት፣ ቆጣሁባት፤ ዝም ብላ ታየኛለች።»

አገርነሽ ሳቀች፤ አክስቷ ግን አልሳቁም።

ጎሕ ሲቀድ በግድግዳው በኩል ድምፅ ሰማች። አክስቷ በረት ውስጥ እያባበሉ፣ እየወቀሱ፣ ሐሜት የሚመስል ነገር እያወሩ ያልባሉ። አገርነሽ በባዶ እግሯ ወጣች። ወሬው ለላም መሆኑ ቅር አሰኛት፤ በላም ቀንታ አታውቅም ነበር።

«ጥጃዋን ልያዝልዎ።»

«እንግዳ ጥጃ አይዝም። ግቢ፣ ይበርድሻል።»

«እንግዳ አይደለሁም እትዬ። የእህትዎ ልጅ ነኝ።»

አክስቷ ትንሽ አዩዋት። ከዚያ ጥጃዋን ከጡቱ አላቀው ገመዱን ሰጧት። ሥራው ቀላል ነው፤ ላሟ እየላሰቻት ወተቷን እንድታወርድ ጥጃዋን ከፊት ለፊት አቁሞ መያዝ ነው። አገርነሽ ግን ገመዱን ያዘችው እንደ ክር፣ በጣቶቿ ጫፍ። ጥጃዋ አንዴ ስትነጥር ገመዱ ሾለከ፤ በላሟ ሆድ ሥር ገባች፤ ማለቢያው ተገለበጠ፤ ነጩ ወተት በእበቱ ላይ ፈሰሰ።

እትዬ እታለማሁ ብድግ አሉ። ከአፋቸው የወጣው አዊኛ ነበር፤ ያለ ማቆሚያ፣ ያለ ይሉኝታ። ረዘመ፣ ረዘመ፤ መጨረሻው ላይ ጉሮሯቸው ውስጥ ተሰበረ።

አገርነሽ እንደቆመች ቀረች። አንድ ቃል አልገባትም፤ ግን ትከሻዋ በራሱ ጊዜ ወደ ጆሮዋ ተሰበሰበ፤ በልጅነቷ እናቷ ስትቆጣት ታደርገው እንደነበረው።

አክስቷ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። «ይቅር በይኝ ልጄ። እንግዳ ላይ እንዲህ ይጮሃሉ?»

«ይድገሙልኝ።»

«ምኑን? ስድቡን?»

«አዎ፣ ስድቡን። እማዬ ናት ቁርጥ።»

 አክስቷ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። ስድቡን አልደገሙትም፤ በቀዘቀዘ አፍ ቁጣ አይደገም። ስልኩ ቤት ውስጥ፣ ትራስ ሥር ነው። አገርነሽ ልታመጣው ወደ በሩ አንድ እግሯን አነሣች።

ከኋላዋ አክስቷ ማለቢያውን አለቅልቀው ቁጭ እያሉ በአዊኛ አጭር ነገር ጣል አደረጉ። ለላሟ አልነበረም፤ አገርነሽን ነበር የሚያዩ፤ በአገጫቸውም ወደ ጥጃዋ ጠቆሙ።

ተመለሰች። ገመዱን በእጇ ላይ ጠምጥማ አጥብቃ ያዘች።