በእኛ አቆጣጠር የተነሳ ፎቶ

ከአሰላ የወጣነው በነሐሴ ጭቃ ነው። መሽቷል፤ ጭላሎ ቀኑን ሙሉ ጉም ተከናንቦ ውሎ ልክ ሚኒባሱ አጠገብ ስንደርስ ካፊያውን ለቀቀብን። ሾፌሩ ቁልፉን ቢያዞር ቢያዞር መኪናው ያጓራና ዝም ይላል። «ዛሬ ባትሄዱ ይሻላል መሰለኝ» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ያ ሰውዬ ያንን ቀልድ ባይቀልድ ምን ነበረበት እላለሁ እስከ ዛሬ።

ወደ ደቡብ አፍሪካ የምንሄድ ሁለት ነበርን። እኔ አሰላ ውስጥ ባጃጅ እነዳ ነበር። ደረጀ ደግሞ የዲክሲስ ልጅ ነው፤ አሰላ መጥቶ ገብስ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይሸከማል፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ስንት ዘመን ከአንድ ሳህን በልተናል። እናቱ እቴቴ አስካለ ሊሸኙን ከዲክሲስ መጥተው ነበር። ቆሎውን አስያዙን፣ ግንባር ግንባራችንን ሳሙን፣ ከዚያ እኔን ብቻ በክንዴ ያዝ አድርገው «ሙሌ፣ አንተ በዕድሜ ትበልጠዋለህ። እንዳትለየው» አሉኝ። «አልለየውም እቴቴ» አልኩ። እናት እንዲህ ስትል ሌላ ምን ይባላል?

ካሜራዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ከሰልባጅ ተራ የገዛኋት ትንሽ፣ ብርማ፣ ርካሽ ዲጂታል ካሜራ ናት። ስትበራ አፍንጫዋን ጥዝዝ አድርጋ ስለምታወጣ ደረጀ «አይጧ» ይላት ነበር። የባጃጅ ጓደኞቼ ሲያሾፉብኝ አይጣል ነው፤ «በዚህ ዘመን ከስልክ ሌላ ካሜራ የሚይዝ ሙሽራ ነው ወይስ ሰላይ?» ይላሉ። ይበሉ! እኔ እወዳታለሁ። ቻርጅ አትል፣ ኔትወርክ አትል፤ ከየትኛውም ኪዮስክ ሁለት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ ገዝቶ ማጉረስ ነው። የማነሳውም ቁም ነገር አይደለም። ጋሪ ላይ የተኛ ባለጋሪ፣ ወንዝ ዳር የሚታጠብ ባጃጅ፣ ደረጀ አፉን ከፍቶ ጆንያ ላይ ሲያንኮራፋ።

አንድ አመል ግን ነበራት። ድንጋይ በተቀየረ ቁጥር ቀኑን ትረሳለች። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት ካልተሞላላት ፎቶ አታነሳም፤ የተሞላላትን ደግሞ በቢጫ ቁጥር ፎቶው ጥግ ላይ ትጽፋለች። የሚሞላላት ደረጀ ነው። የሚሞላው ደግሞ በእኛው ዘመን፣ በእኛው ወር፣ በእኛው ሰዓት ነው። «የፈረንጅ ነው እኮ የምትፈልገው» ስለው «እኛ ኪስ ውስጥ እያደረች የማን ቀን ልሞላላት?» ይለኛል።

ሞያሌን ተሻግረን ኬንያ እንደገባን የሚያሻግረን ደላላ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ቀላቅሎን የሁላችንንም ስልክ ሰበሰበ። እንዳንደውል፣ የት እንዳለን እንዳናውቅ ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ ካሜራዋን አገላብጦ አያት።

«ይሄ ይደውላል?»

«አይደውልም።»

«ኢንተርኔት አለው?»

«ድንጋይ ነው ያለው።»

ሳቀና ወረወረልኝ። «ያዘው፤ ለሠርግህ ትነሳበታለህ» አለ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ጀርባ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የሄደው ያውቀዋል፣ ያልሄደውም ባያውቀው ይሻለዋል። ቀን ጫካ፣ ማታ መኪና። የምንበላው አሹቅ የሚመስል ጥሬ በቆሎ ነው፤ ስለ አርሲ እርጎ ያወራ ሰው ይደበደባል ብለን ሕግ አውጥተን ነበር፣ መጀመሪያ የጣስኩት እኔ ነኝ። ድንጋዩ አልቆ በሌላ በተተካ ቁጥር ደረጀ «ዛሬ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዱ «ትናንት አቦ ነበር» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ዛሬ ነው!» ይላል፣ ተከራክረን ተስማምተን ይሞላል። ተሳስቶ አያውቅም።

ማላዊ ውስጥ አንድ ጠዋት ጫካው ዳር ሁለት መኪና ቆሞ አየን። አንደኛው ሸራ የለበሰ የሽንኩርት መኪና ነው። ሌላው የብረት ኮንቴይነር የጫነ፣ መስኮትም ቀዳዳም የሌለው። የደላላው ሰው ዱላ ይዞ በመሃላችን ይዞር ጀመር። ዕድሜ አልጠየቀም፣ ስም አልጠራም። እንደ በግ ገዢ ክንዳችንን እየጨበጠ ቀጫጮቹን ለየ። ቀጫጮቹ ወደ ኮንቴይነሩ ናቸው፤ ብዙ ይይዛላ! እኔ ባጃጅ ላይ ተቀምጬ የከመርኩት ሥጋ አዳነኝ። ደረጀ ግን ጆንያ ተሸካሚ ነው፣ አጥንትና ጅማት ብቻ።

«አብረን ነን፣ ወንድሜ ነው» ብዬ ገባሁ። ዱላው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ደግሜ ገባሁ፣ ደግሞ መታኝ።

«ተው ሙሌ» አለኝ ደረጀ። «ማታ እንገናኛለን። ብረት እንኳ ዝናብ አያስገባም። ይልቅ አይጧን አውጣና አንሳኝ።»

ኮንቴይነሩ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን አንጠልጥሎ ሳቀ። አነሳሁት። ከኋላው ጨለማ ነው፣ በጨለማው ውስጥ የሰው ዓይን ብቻ ይታያል፤ ከእግሩ ሥር ደግሞ የታርጋው ግማሽ አለ። ሚካኤል ዕለት ነበር። ከዚያ በሩ ተዘጋ፣ ብረቱ ተቀረቀረ። ያንን ድምፅ አሁንም የሱቅ በር ሲዘጋ እሰማዋለሁ፤ እጠላዋለሁ።

ማታ አልተገናኘንም። በማግስቱም። እኔ በሽንኩርቱ መኪና ሞዛምቢክን አልፌ ደቡብ አፍሪካ ገባሁ፤ ኮንቴይነሩን ያየ አልተገኘም።

አሁን ያለሁበት ሎኬሽን የሚሉት የድሃ ሰፈር ነው፤ የአገራችን ልጅ ሱቅ ውስጥ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ዳቦና ሳሙና እሸጣለሁ። ፍርግርጉ ለሌባ ነው ይሉኛል፤ የታሰረው ግን እኔ ነኝ። ምግባቸው ፓፕ ይባላል። ገንፎ ነው፤ ግን ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው፣ መሃሉ ላይ ጉድጓድ እንኳ የለው። ሐምሌ ክረምታቸው ነው ብለውኝ ዝናብ ስጠብቅ ደረቅ ብርድ መጣ፤ ጭቃ የሌለው ክረምት ክረምት ነው እንዴ?

ክፍል ስከራይ ለላንድሎርዷ «ሁለት ሰው ነን» አልኳት። ሁለት ፍራሽ አነጠፍኩ። ወር በመጣ ቁጥር ትመጣና ባዶውን ፍራሽ ታያለች።

«ሁለተኛው ሰውዬ የት ነው?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«ባለፈውም መንገድ ላይ ነበር። በኤሊ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ ማማ።»

«ልጄ፣ የማይመጣ ተከራይ ጥሩ ተከራይ ነው፣ ሽንት ቤት አያበላሽም» ብላ ሳቀች። እኔም የሳቅኩ መሰልኩ። ስትሄድ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በኋላ ወገቤን ታጥቄ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ፎቶው ማስረጃ ነው፤ ሰውየው አለ፣ መኪናው አለ፣ ታርጋው በግማሽም ቢሆን አለ። ወፍራሙ ፖሊስ ካሜራዋን ተቀብሎ መነጽሩን አደረገ።

«ይሄ ፎቶ ከሰባት ዓመት በላይ ሆኖታል።»

«አይደለም ጌታዬ፣ በእኛ አቆጣጠር ነው። እኛ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነን።»

«አገራችሁ በሙሉ?»

«በሙሉ።»

ዞሮ ጓደኛውን ጠራው። «ና ስማ፣ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የሚኖር አገር አለ!» ከዚያ እንደገና አየ። «ሰዓቱ ሁለት ይላል። ሌሊት ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጥታለች?»

«የእኛ ሁለት ሰዓት ጠዋት ነው።»

«ዓመቱ ሌላ፣ ወሩ ሌላ፣ ሰዓቱ ሌላ። እውነቱ የቱ ነው?»

«ሰውየው ነው እውነቱ» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«በዚህ ቀን ከሄድን ጓደኛህ ገና ከአገሩ አልወጣም። ያልወጣ ሰው አይጠፋም፣ ያልጠፋ ሰው አይፈለግም» ብሎ ካሜራዬን መለሰልኝ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ «ለመሆኑ የአንተ ወረቀት የታለ?» ሲለኝ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። አማርኛ ነው፣ ረጋ ያለ ድምፅ፣ እንደ ዘመድ። «ሙሌ፣ ያቺን ካሜራ ለሰው አታሳይ። ሱቁም ፍርግርጉም የት እንዳለ እናውቃለን» አለኝ። ካሜራ እንዳለኝ ማን ነገረው? ጣቢያው ውስጥ የሰማ ሰው? አብሮኝ የሚሸጠው ልጅ? ከዚያ ቀን ጀምሮ አበሻ ሱቁ ደጃፍ ላይ ከቆመ መጀመሪያ የማየው የፍርግርጉን ቁልፍ ነው።

ሌላ በር ስላልነበረኝ ካሜራዋ ላይ ያለውን ፎቶ በስልክ አንስቼ ለደረጀ አጎት ለጋሽ ለማ ላክሁላቸው። ዲክሲስ የዕድር ዳኛ ናቸው። አንድ ሰው ወሬ ሰምቶ እንደሆነ እንዲጠይቁልኝ ነው። እሳቸው ደግሞ ለሽማግሌዎቹ አሳዩ። ቢጫውን ቁጥር ማንም ሳያስተረጉምላቸው አነበቡት።

«ሚካኤል ዕለት ነው» አሉኝ ሲደውሉ። «ልጄ፣ ዕድሩ ተነጋግሯል። ሰው ብረት ውስጥ ገብቶ ይሄን ያህል ጊዜ ዝም ካለ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። እናቱ እንዲህ ተንጠልጥላ እስከ መቼ? ቀኑንም ልጁ ራሱ ጽፎልናል። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ መርዶውን እናረዳታለን።»

«ጋሼ፣ መሞቱን ያየ የለም እኮ!»

«መኖሩንስ ማን አየ? ፎቶውን ትልቅ አድርገህ አሳጥበህ በሰው ላክ። ድንኳን ውስጥ የሚቆም አንድም ደህና ፎቶ የለውም።»

ወይ ጉድ! ደረጀ በገዛ ጣቱ የሞላት ቀን። ፖሊሱ የሳቀባት ቀን አገራችን ስትገባ መሞቻው ሆና አረፈችው። ብዙ ቀን እምቢ አልኩ። ግን ሽማግሌ ነው፣ ዕድር ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ከዕድር ጋር የሚከራከር ማን ነው? ፎቶ ቤቱ ሰውዬ ትልቁን ሲያወጣው «ሳቁ ያምራል፣ ልደቱ ነው?» አለኝ። ሂሳቡን ከፈልኩ። በመስታወት ፍሬም አድርጌ ወደ አገር ለሚገባ አንድ የበቆጂ ሰው ሰጠሁት።

ሰውየው ከሄደ በኋላ፣ አንድ ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ፣ ከአገር ስልክ ጮኸ። እቴቴ አስካለ ናቸው፣ በጎረቤት ስልክ።

«ሙሌ፣ ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ነው? ገበያ ስገባ ወሬ ያቆማሉ። ወንድሜ ለማ ቤቴ መጥቶ ዓይኔን አያይም።»

«ምንም የለም እቴቴ።»

«የልጄ ፎቶ አንተ ጋ አለ አሉ። ሰው ሁሉ አይቶት እኔ ብቻ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። «አለ» አልኳቸው።

«ይስቃል?»

«ይስቃል እቴቴ።»

«ከስቷል?»

«እሱ መቼ ወፍሮ ያውቃል?»

ሳቁ። ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ አራቅሁት።

«እንግዲያ አሳጥበህ ላክልኝ፣ ልጄ። ትልቅ እንዳታደርገው ታዲያ። ትልቅ ፎቶ የሞተ ሰው ነው፤ ስንቱን ድንኳን ውስጥ አይቼዋለሁ። በመዳፌ ልክ አድርጋት። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እይዛታለሁ፣ እሱ እስኪመጣ። ትልቁን ሲመጣ ራሱ ይነሳል።»

«እሺ እቴቴ።»

«ትንሽ ናት፣ አደራ!»

«እሺ።»

ወዲያው ለበቆጂው ሰውዬ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ለጋሽ ለማ ደወልኩ፤ አነሱ። ከድምፃቸው ጀርባ የብዙ ሰው ወሬ ይሰማል።

«ደርሶልናል ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፣ በጣም ያምራል። ሰው ጠርተናል። ነገ በማለዳ ቤቷ እንገባለን።»

«ጋሼ፣ ይቆይ! በፈጠራችሁ ይቆይ! እቴቴ ትንሽ ላክ ብለውኛል፣ ትልቁን እንዳያዩት!»

«ምን ትንሽ? አይሰማም...» ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል ተይዟል፣ ደግሜ ብደውል ተዘግቷል። ለጎረቤትየዋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ ማንም አያነሳም። እሷም ከተጠሩት አንዷ ትሆናለች።

ሌሊቱን ሙሉ ስደውል አደርኩ። እዚህ ገና ጨለማ ነበር። ዲክሲስ ግን ከዚህ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይነጋል።