የእትዬ ፋይል ታብሌት

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እትዬ ፋይል» ነው የሚሏት። ዕድሜዋን የፈጀችው መዝገብ ቤት ነው። አንድ ደብዳቤ ሁለት ፋይል ውስጥ ገብቶ ካገኘች ደሟ ይፈላል፤ ትርፉን ቀድዳ ካልጣለች ምሳዋም አይበላላት። ይህቺው ሴት በአርባ ስድስት ዓመቷ የማታ ተማሪ ሆነች። ዲግሪ ከሌለሽ የክፍሉን ኃላፊነት እርሺው ተብላለቻ!

ታብሌቱን የገዛላት ታናሽ ወንድሟ ነው። መምህር ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ተማሪዎቹ ላይ አልቆ ለእህቱ አልተረፈም። እየተነጫነጨም ቢሆን ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ በግራ መጽሐፉን፣ በቀኝ ማስታወሻዋን አሳያት። ፊደሉ እንደ ልብ ይተልቃል፤ መነጽር ፍለጋ መባዘን ቀረ። አንድ ቃል ከጻፉለት ቃሉ ያለበትን ቦታ ሁሉ ለቅሞ ያወጣል። እውነት ለመናገር ወደደችው። አውቶቡስ ወረፋ ላይ ሳይቀር ስትጽፍ የሴሚስተሩን ማስታወሻ በሙሉ እዚያው አጠራቀመች።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው በምሳ ሰዓት ከፈተችው። ያው ማስታወሻ «የቅርብ ጊዜ» ውስጥ አለ፣ «ተወዳጆች» ውስጥ አለ፣ በየትምህርቱ ፎልደርም አለ።

«ምን ዓይነት ዝርክርክ ዕቃ ነው!»

እጅጌዋን ሰብስባ ከ«የቅርብ ጊዜ» ላይ አንድ በአንድ ሰረዘችው። «እርግጠኛ ነዎት?» እያለ በጠየቃት ቁጥር ይባስ ነደዳት፤ ሥራዋን ሊያስተምራት! የተሰረዘው የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም አራገፈች፤ እሷ ቆሻሻ አስቀምጣ አታውቅም። ከዚያ ፎልደሮቹን ከፈተች። አንዱም ውስጥ ምንም የለም።

ለወንድሟ ደወለች።

«እንዴ እታለም! ቅጂ እኮ አይደለም፤ አንዱኑ ነው በሦስት በር የሚያሳይሽ።»

«አንድ ከሆነ ሦስት ቦታ ምን ገተረው?»

«በቃ አይዞሽ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ይኖራል።»

«አራገፍኩት።»

«እንግዲያውስ ጠፍቷል» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«በሃያ ሁለት ዓመት የሰው አንድ ወረቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም» አለችው። «የራሴን ግን በገዛ እጄ…»

የመዝገብ ቤቱ መስኮት ተንኳኳ። አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ አንገታቸውን አስገብተው፣ «ልጄ፣ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ያስገባሁት ማመልከቻ እስካሁን ይኖር ይሆን?» አሏት።

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ይኖራል፣ አባባ» አለች። ስማቸውን ጠይቃ ተነሣችና ከሦስተኛው መደርደሪያ ሳታገላብጥ አወጣችላቸው።