ፍራሽ ሥር የከረመው ጭንቅላቴ

ዛሬ ጠዋት የሚስቴን ጉልበት ጭንቅላቴ ነው ብዬ ለሐኪም አቀረብኩ።

ጥፋቱ የፍራሹ ነው። እኛ ቤት ከሐኪም ቤት የመጣ ፊልም ሁሉ እንዳይታጠፍ ፍራሽ ሥር ይገባል። የእሷ ጉልበትና የእኔ ጭንቅላት እዚያ ጎን ለጎን ተኝተው ከርመዋል። በጥድፊያ አንዱን ፖስታ መዝዤ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳይደገፍብኝ አቅፌ፣ ከመካኒሳ ጎፋ አደረስኩት።

ሐኪሟ ልጄን የምታህል ናት። ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅላ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። ይሄኔ አለቀልኝ ብዬ ጸሎት ጀመርኩ።

"አባባ፣ ይሄ ጉልበት ነው።"

"እኔም ድሮ እጠረጥር ነበር።"

አብራኝ የመጣችው ሚስቴ አልሳቀችም። "ተንበርክኮ የማያውቅ ሰው ጉልበትን በምን ይለየዋል!" ብላ ቁልፋችንን ለሚያስቀምጥልን ጎረቤታችን፣ ለባለ ሱቁ ደወለች።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ መታጠቢያ ቤት ወድቄ ነው። ግንባሬ ስላበጠ ኤም አር አይ ተነሳሁ፤ እብጠቱ ጠፋ፣ ፊልሙ ላይ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ይህን እንደሰማሁ ኑዛዜ ውስጥ ገባሁ። ባለ ሱቁን፣ "ይቺ የሱፍ ካፖርት ስሞት ያንተ ናት" አልኩት። "ኧረ ጋሼ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው!" እያለ እጅጌዋን በክንዱ ለካ።

ይኸው ባለ ሱቅ ነው ዛሬ ሱቁን ዘግቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ትክክለኛውን ፖስታ ይዞ ደረሰ።

"ሜኒንጂዮማ ይባላል" አለች ሐኪሟ፣ ነጯን ክብ እያሳየችኝ። "የሚነሳው ከአንጎሉ ሳይሆን አንጎልን ከሚሸፍነው ስስ ልባስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ የሚያድገውም ቀስ ብሎ ነው።"

"ሰርቪስ ቤት ተከራየ እንጂ ዋናው ቤት አልገባም በይኛ።"

"ይሁንልዎ። ግን ካደገ ዋናውን ቤት ይገፋል።"

ከክረምት ጀምሮ ስፈራው የቆየሁትን ጥያቄ አወጣሁት። "ጭንቅላቴ ይከፈታል?"

"አሁን አይከፈትም። ትንሽ ነው፤ ያስከተለብዎትም ችግር የለም። ከወራት በኋላ ደግመን አንስተን እናየዋለን። እስከዚያ ራስ ምታት ከበረታ፣ ዓይንዎ ከደበዘዘ፣ ወይም እጅዎ ከዛለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።"

ሚስቴ የጉልበቷን ፖስታ ከፍ አደረገች። "ይሄን ይዞ መምጣቱስ በዕጢው ነው?"

ሐኪሟ ፊልሙን እንደገና አየች። "አይመስለኝም፣ እማማ።"

"አውቄዋለሁ! ይሄ ዝንጉነቱ የቆየ ነው።"

ኮሪደሩ ላይ ሚስቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ያላየሁ መሰልኩ።

ባለ ሱቁ ሦስቴ "እንኳን ደስ አለዎት" አለኝ፤ ሦስተኛዋ ቀጥና ነበር። ታክሲ ውስጥ ጠጋ አለና፣ "ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው አለች አይደል?" አለኝ።

"በጣም ቀስ ብሎ።"

"እሰየው" አለና በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ።

ማታ ብርድ ስለነበር ካፖርቷን ለብሼ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ሱቁ ጋ ስደርስ አውልቄ ክንዴ ላይ አደረግኳት። የሰው ዕቃ ለብሶ በባለቤቱ ፊት ማለፍ ነውር ነው።